የአያት ጥይት፣ የከብት በረት እና የባሩድ ዕድሜ

እስቲ ይህን አስቡት። ማንኩሳ አጠገብ በሚገኝ አንድ የገጠር ቤት ውስጥ ናችሁ። የአያታችሁ ሙት ዓመት ተዘክሮ እንግዳው ሄዷል። ቤቱ ሲጸዳ ከቆጡ ሥር አንድ አሮጌ ሳጥን ወጣ። ሳጥኑ ውስጥ የተቀደደ የቆዳ ዝናር አለ፤ ዝናሩ ላይ ደግሞ ሰባት ጥይት። ናሳቸው አረንጓዴ ነገር ለብሷል። አንደኛው አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለበት።

ታላቅ ወንድማችሁ "ይሄማ አርጅቷል፣ ምን ይሠራል? እሳት ውስጥ ወርውሩት" ይላል። አክስታችሁ ደግሞ "ኧረ ተዉ! የአባቴ ማስታወሻ ነው። ምድጃው በላይ ስቀሉት፣ እዚያ ይደርቅላችኋል" ይላሉ።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ወንድም የተሳሳተው "ያረጀ ነገር ሞቷል" ብሎ በማሰቡ ነው። አክስት የተሳሳቱት ደግሞ ለዘር የሚጠቅመው ነገር ሁሉ ለጥይትም የሚጠቅም ስለመሰላቸው ነው። ለመሆኑ ጥይቱን ማንም ሳይነካው ናሱን ማን ሰነጠቀው? መልሱን ለማግኘት ኬሚስትሪም፣ ፊዚክስም፣ ትንሽ የጎጃም ታሪክም ያስፈልገናል። እንጀምር።

ጥይት አንድ ነገር አይደለም፣ አራት ነው

"ጥይት" ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ቀለህ ነው፤ ሁሉንም አቅፎ የሚይዘው የናስ ቀፎ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ መሆኑን ልብ በሉ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ሁለተኛው በቀለሁ ውስጥ ያለው ባሩድ ነው። ሦስተኛው ጫፉ ላይ የተሰካው እርሳስ፣ ማለትም ተወርውሮ የሚሄደው አረር ነው። አራተኛው ከቀለሁ ግርጌ የተቀበረች ትንሽ ቆብ ናት፤ ማቀጣጠያ እንበላት። መርፌው ሲመታት ብልጭ ትልና ባሩዱን ታቃጥላለች።

ባሩዱ ሲቃጠል ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲያጣ ይገፋል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በሁለት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዘመናዊ ጠመንጃ ውስጥ ግን ለቅጽበት ያህል ግፊቱ ከ3000 እጥፍ በላይ ይደርሳል! ይህን ሁሉ ኃይል ቀጭኑ ናስ ብቻውን አይችለውም፤ የሚሸከመው ዙሪያውን የከበበው ወፍራም ብረት ነው። የናሱ ሥራ ማሸግ ነው። ይለጠጥና ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፣ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይዘጋል፣ ከዚያ በትንሹ ተመልሶ ይሸበሸባል። ስለዚህ በቀላሉ ይወጣል።

እንግዲህ ከተተኮሰ በኋላ ምን ቀረ? ባሩዱ ጭስ ሆነ፣ እርሳሱ ሄደ፣ ማቀጣጠያዋ ነደደች። ውዱና ለመሥራት የሚያስቸግረው ክፍል፣ ቀለሁ፣ ግን መሬት ላይ ወድቆ ይገኛል። "ታዲያ ለምን እንደገና አንሞላውም?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

ከፓሪስ ላቦራቶሪ እስከ ጎጃም ገበያ

ማንኩሳን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" የበዛብህ አገር በመሆኗ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ሌላ ታሪክ አላት።

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ግራስ የሚባል ጠመንጃ ሠሩ። በእነሱ ቋንቋ "ፉዚ ግራ" ይባላል፤ በእኛ አፍ "ውጅግራ" ሆነ። ("ስናድር" ከእንግሊዙ ስናይደር፣ "ምንሽር" ከኦስትሪያው ማንሊከር እንደመጣ ሁሉ ማለት ነው።) የውጅግራ አረር 11 ሚሊሜትር ውፍረትና 25 ግራም ክብደት ያለው እርሳስ ሲሆን፣ የሚገፋው ጥቁር ባሩድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባ ባሩድ ፈለሰፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳይ በዚህ ባሩድ የሚሠራ አዲስ ጠመንጃ አስታጠቀች። በአንድ ጊዜ ያ ሁሉ ውጅግራ ጊዜው አለፈበት፤ ዋጋውም ወደቀ። ብዙው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ ዋነኛው ነበር።

ጊዜው ያለፈበት መሆኑ ግን አንድ ያልታሰበ ጥቅም ነበረው። ጥቁር ባሩድ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ጨው፣ ከሰልና ድኝ ድብልቅ ነው፤ አገር ቤት ይሠራ ነበር። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ በከሰል እሳት ቅርጽ ይያዛል። ስለዚህ የውጅግራ ቀለህ ባዶውን እንኳ የሚጣል ዕቃ አልነበረም። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጥይት በአገራችን ገበያዎች ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል እንደነበረ ታውቁ ነበር? ገንዘብ የሚሆን ነገር ትንሽ፣ የሚቆጠር፣ ሁሉም የሚፈልገውና ቶሎ የማይበላሽ መሆን አለበት። ጥይት ሦስቱን በደንብ ያሟላል። አራተኛው ነው የሚያጣላን፤ እንደምናየው ጥይትም ይበላሻል።

በጠላት ወረራ ዘመን ጥያቄው የሞት የሽረት ሆነ። ጣሊያኖች ቡሬም ማንኩሳም ላይ ምሽግ ነበራቸው። የጎጃም አርበኛ ጠመንጃው አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዱ ውጅግራ፣ የሌላው ምንሽር፣ የሌላው ከጣሊያን የተማረከ። የውጅግራው አፈሙዝ 11 ሚሊሜትር፣ የምንሽሩ 8፣ የጣሊያኑ 6.5። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል። ትልቁ ማነቆ ባሩዱም እርሳሱም አልነበረም፤ ያቺ ትንሿ ማቀጣጠያ ነበረች። እሷን በመንደር መሥራት አይቻልም ማለት ይቻላል። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ በዊንጌት የሚመራው ጌድዮን የተባለው ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ቡሬንና ማንኩሳን ሲያጠቃ፣ ጥይቱን ከሱዳን ድንበር ጀምሮ በግመል ጭኖ ነበር የመጣው። ጣሊያኖች በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ።

የአያታችሁ ዝናር ላይ ያሉት ሰባት ጥይቶች ከዚህ ታሪክ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ። ጥይትን ሦስት ጠላቶች ይከቡታል።

አንደኛው ጠላት፦ እርጥበት

በክረምት ጨው መያዣ ላይ ውኃ ሲያዝ አይታችኋል አይደል? ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በጥቁር ባሩድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ናይትሬት ንጹሕ ከሆነ እርጥበት ብዙም አይስብም። ችግሩ በአፈር ውስጥ ካሉ ሌሎች ጨዎች ጋር ሲደባለቅ ነው፤ ለምሳሌ ካልሲየም ናይትሬት እርጥበት እንደ ስፖንጅ ነው የሚጠጣው። ባሩድ ሠሪ ጨዉን ደጋግሞ እያሟሟና እያጠለለ የሚያጠራው ለዚህ ነው። በደንብ ያልጠራ ባሩድ በሐምሌ ጭቃ ይሆናል።

ዝናሩም የራሱ ጣጣ አለው። ቆዳ የሚለፋው ከዛፍ ቅርፊትና ከቅጠል በሚገኝ ታኒን በሚባል ነገር ነው፤ ታኒን ደግሞ አሲድነት አለው። ናስ እርጥብ ቆዳ ላይ ለዓመታት ሲቀመጥ በውስጡ ያለው መዳብ ከአሲዱ ጋር ይዋሐድና ያ አረንጓዴ ዝገት ይፈጠራል። ይህ የጎጃም ችግር ብቻ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ጦር ወታደሮችም በዚሁ አረንጓዴ ነገር ተማርረው ነበር፤ አንሰን ሚልስ የሚባል መኮንን ከቆዳ ይልቅ ከክር የተሸመነ ዝናር እንዲሠራ ካነሣሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጠላት፦ ሙቀት

"ታዲያ ጠላቱ እርጥበት ከሆነ አክስቴ ምድጃው በላይ ስቀሉት ማለታቸው ትክክል አይደል?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቡሬና የማንኩሳ ገበሬ ለዘር የመረጠውን በቆሎ ከምድጃው በላይ ሲሰቅል ጭሱ ነቀዙን ያባርራል፣ ሙቀቱም ያደርቀዋል። ለበቆሎ ግሩም ዘዴ ነው።

ለጭስ አልባ ባሩድ ግን አደጋ ነው። ይህ ባሩድ የሚሠራው ናይትሮሴሉሎስ ከሚባል ነገር ሲሆን፣ ናይትሮሴሉሎስ የሚገኘው ጥጥን በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ በማከም ነው። አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ራሱን ይበላል። ሲፈርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞች ይለቃል። ጋዞቹ ከእርጥበት ጋር አሲድ ይፈጥራሉ። አሲዱ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይሄዳል ማለት ነው፤ መጨረሻው ባሩዱ በራሱ ጊዜ መጋልና መቀጣጠል ሊሆን ይችላል።

ይህን ዓለም የተማረው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። የፈረንሳይ የጦር መርከብ ኢየና እ.ኤ.አ. በ1907 ቱሎን ወደብ ላይ ፈነዳች። በ1911 እዚያው ወደብ ላይ ሊበርቴ የተባለችው ፈነዳች። በመርከቦቹ ጎተራ ውስጥ የነበረው የቪዬል ባሩድ አርጅቶ ነበር። ዛሬ ፋብሪካዎች ባሩዱ ውስጥ ማረጋጊያ ይጨምራሉ፤ የታወቀው ዳይፌኒልአሚን ይባላል። ሥራው የሚወጣውን ጋዝ እያሳደደ መያዝ ነው። ነገር ግን ማረጋጊያውም እንደ ጎተራ እህል ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ይቀነስለታል፣ አንድ ቀን ያልቃል።

መቼ ያልቃል? የሚወስነው በአብዛኛው ሙቀት ነው። ኬሚስቶች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ደንብ አለ፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እናስላው። ቀዝቃዛ ጥግ ላይ 20 ዲግሪ ነው እንበል፤ ከምድጃው በላይ ደግሞ 50። ልዩነቱ 30 ዲግሪ፣ ማለትም ሦስት ጊዜ አሥር። 2 × 2 × 2 = 8። በዚህ ግምት ከምድጃው በላይ የዋለ አንድ ዓመት፣ ጥግ ላይ እንዳለፈ ስምንት ዓመት ይቆጠራል! የአክስት ምክር ለዘሩ ልክ ነው፤ ለጥይቱ ግን ዕድሜውን በስምንት እጥፍ ያፋጥናል።

ሦስተኛው ጠላት፦ የበረት አየር

አሁን ወደ ስንጥቁ እንመለስ። ይህኛው ጠላት ስለማይታይ ነው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው።

በ19ኛው መቶ ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር አንድ እንቆቅልሽ ገጠመው። በፈረስ ጋጣ አካባቢ የተከማቸ ጥይት የዝናቡ ወቅት በመጣ ቁጥር ቀለሁ በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልተኮሰውም። ነገሩ "የወቅት ስንጥቅ" ተባለ። ምክንያቱ በግልጽ የታወቀው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ የእንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ጽሑፍ ጥፋተኛውን አረጋገጠ፦ አሞኒያ።

የፈረስም ሆነ የላም ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ፤ ያው ማዳበሪያ ብለን ማሳ ላይ የምንበትነው ዩሪያ ነው። ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት አሞኒያ ይወጣል፤ በረት ስትገቡ ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። አሞኒያ በእርጥበት ውስጥ ሆኖ መዳብን ይበላል። ግን መብላቱ ብቻ አይደለም ናሱን የሚሰነጥቀው። ሁለተኛ ነገር ያስፈልጋል።

ከበሮ አስቡ። ቆዳው በጣም ተወጥሯል። በቢላ ጫፍ ትንሽ ብትነኩት ቀዳዳው እዚያው አይቆምም፤ ተርትሮ ይሄዳል። ያልተወጠረ ቆዳ ግን በዚያው ልክ ቢነካ ምንም አይሆንም። ቀለህም እንዲሁ ነው። በፋብሪካ ናሱ በቀዝቃዛው እየተጎተተና እየተጠበበ ስለሚሠራ፣ በተለይ አንገቱ ላይ፣ በውስጡ የማይታይ ውጥረት ይቀራል። አሞኒያው የቢላዋን ጫፍ ሥራ ይሠራል፤ ውጥረቱ ደግሞ ይተረትረዋል። ዛሬ መሐንዲሶች ይህን የውጥረት ዝገት ስንጥቅ ይሉታል፤ ከድልድይ ገመድ እስከ ጋዝ ቧንቧ ድረስ ያሳስባቸዋል።

መድኃኒቱን አንጥረኛ ያውቀዋል። አምባር የሚሠራ ሰው ብሩን ሲቀጠቅጥ ቆይቶ መልሶ እሳት ያሳየዋል፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ፋብሪካዎችም የቀለሁን አንገት በመጠኑ አሙቀው ውጥረቱን ማርገብ ተማሩ። ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት የጎጃም ቤት ግን ያ የጥንት ቀለህ ዘመኑን ሁሉ አሞኒያ ሲተነፍስ ነው የኖረው። እንግዲህ እንቆቅልሹ ተፈታ፤ የአያታችሁን ጥይት የሰነጠቀው ላሟ ናት ማለት ነው!

የተሰነጠቀ ቀለህ የማሸግ ሥራውን አይሠራም። ቢተኮስ ያ ሁሉ ጋዝ ወደ ተኳሹ ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። አይነ ስውር የሚያደርገው ጠላት ብቻ አይደለም።

በሌላው ዓለም፦ ቀለህ መሙላት እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ

በአሜሪካ፣ በፊንላንድና በሌሎች አገሮች በፈቃድና በሕግ ዒላማ የሚተኩሱና የሚያድኑ ሰዎች ቀለህ መልሰው ይሞላሉ። ከፊሎቹ ለወጪ ብለው፣ ከፊሎቹ ደግሞ እያንዳንዱ ጥይት አንድ ዓይነት እንዲሆንላቸው። እኛ እዚህ የምንፈልገው አሠራሩን አይደለም፤ ሲገዙና ሲያስቀምጡ የሚከተሉት ደንብ ከላይ የተማርነውን ሳይንስ እንዴት እንደሚያንጸባርቅ ማየት ነው።

ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዩት ቀለሁን ነው። ማቀጣጠያን የሚያስቀምጡ ሁለት ዓይነት አሠራሮች አሉ፤ የቦክሰርና የበርዳን ይባላሉ። ኤድዋርድ ቦክሰር እንግሊዛዊ፣ ሃይረም በርዳን አሜሪካዊ ነበሩ። የሚያስቀው ነገር የእንግሊዛዊው አሠራር አሜሪካን ሲወርስ፣ የአሜሪካዊው ደግሞ አውሮፓንና ምሥራቁን ወረሰ። የቦክሰር ቀለህ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ስላለው ያገለገለችውን ማቀጣጠያ ማውጣት ይቀላል። የበርዳን ቀለህ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉት ያስቸግራል። በጣም አሮጌ ቀለህን ደግሞ አይገዙም፤ የጥንት ማቀጣጠያዎች ሜርኩሪ ነበረባቸው፣ ሜርኩሪ ናስ ውስጥ ሰርጎ ተሰባሪ ያደርገዋል።

ባሩድ ሲገዙ ከታሸገ ዕቃ ውጪ አይገዙም። ስሙ የተጻፈበት፣ የምርት ቁጥሩ ያለበት መሆን አለበት። ሁለት ዓይነት ባሩድ በፍጹም አይቀላቅሉም፤ ጠረጴዛው ላይም በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት በላይ አያወጡም። ለምን? ባሩዶች በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚቃጠሉበት ፍጥነት ግን በጣም ይለያያል። ለውጅግራ ዘመን ጠመንጃ የታሰበው የጥቁር ባሩድ ቦታ በዘመናዊ ባሩድ ቢሞላ ግፊቱ ብረቱን ሊበጣጥሰው ይችላል። ስም የሌለው ባሩድ ያገኘ ሰው "ሞክሬ ልየው" አይልም፤ ያስወግደዋል።

የእጥረት ነገርም አለ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021፣ አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ በላይ የጠፋችው ማቀጣጠያ ነበረች። ያስታውሳችኋል? የእኛ አርበኞች ማነቆም እሷው ነበረች። ሰዉ ሲደናገጥ ያገኘውን ሁሉ ገዝቶ ቤት ያከማቻል፤ አደጋውም አብሮ ይከማቻል።

ለምን የእንጨት ሳጥን?

አሁን አንድ እንቆቅልሽ ልስጣችሁ። ባሩድ የምታስቀምጡበት ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ ወፍራም የብረት ካዝና፣ ሌላው የእንጨት። የትኛው ይሻላል?

ብዙ ሰው "ብረቱ" ይላል። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደረጃ ግን እንዲህ ይላል፦ በመኖሪያ ቤት እስከ 9 ኪሎ ገደማ ጭስ አልባ ባሩድ በመጀመሪያ ዕቃው ይቀመጥ፤ ከዚያ በላይ ሆኖ እስከ 23 ኪሎ ገደማ ከደረሰ ግን ግድግዳው ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር በሆነ የእንጨት ሳጥን ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንጨት ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ ቤቱ ቢቃጠል ለጥቂት ጊዜ ባሩዱን ያቀዘቅዘዋል። ብረት ግን እንደ ምጣድ ቶሎ ይግላል። ሁለተኛው ይበልጣል። ጭስ አልባ ባሩድ ሜዳ ላይ ሲቃጠል ኃይለኛ ነበልባል እንጂ ፍንዳታ አይደለም። የሚፈነዳው ሲታፈን ነው። ጋዙ መውጫ ካገኘ ይወጣል፤ መውጫ ካጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ሲጨምር ቃጠሎው ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። የእንጨት ሳጥን ቶሎ ተከፍቶ ያሳልፈዋል። ጥብቅ ካዝና ግን ቦምብ ይሆናል። ለማከማቸት ጠንካራ የመሰለን ነገር ሁሉ ጥሩ አይደለም።

ማቀጣጠያዎችም ከባሩዱ ተለይተው፣ ከመጡበት ካርቶን ሳይወጡ ይቀመጣሉ። ካርቶኑ እያንዳንዷን በየራሷ ጎጆ ያስቀምጣታል። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ቢፈስሱ አንዷ ስትነድ ሁሉንም ታስነሣለች። እንግዲህ ደንቡ ሲጠቃለል አምስት ቃል ነው፦ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ ጨለማ፣ የተለየ፣ የተቆለፈ። "የተቆለፈ" ያልኩት ለሌባ ብቻ አይደለም፤ ለልጆችም ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሥራትንና መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ ቀለህ መሙላት ለእናንተ የሚነበብ ሳይንስ እንጂ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ

ሰባቱ ጥይት አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው። ምን እናድርግ?

የወንድማችሁ ሐሳብ መጀመሪያ። ጥይት እሳት ውስጥ ሲገባ እንደ ጠመንጃ አይተኩስም፤ ዙሪያውን የሚይዘው ብረት የለምና። ግን ቀለሁ ይፈነዳል። ቀላሉ የናስ ስብርባሪና ማቀጣጠያዋ እርሳሱን ትተው በየአቅጣጫው ይበራሉ፤ ዓይን ለማጥፋት ይበቃሉ። "ያረጀ ነው" ማለትም ዋስትና አይሆንም። አርጅቶ እርጥበት የነካው ጥይት ላይነሣ ይችላል፤ ዘግይቶ ሊነሣም ይችላል። ከዚያው ዝናር የወጡ ሁለት ጥይቶች እንኳ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ያረጀ ጥይት የሞተ ሳይሆን የማይታመን ነው።

የአክስት ሐሳብስ? ምድጃው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ምን እንደሚሠራ አስልተናል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አትንኩት፣ አትቀጥቅጡት፣ በጉጠት ለመክፈት አትሞክሩ፣ አረንጓዴውን ለማጽዳትም አትፈትጉት። ትንንሾቹን ከክፍሉ አስወጡ። ሳጥኑን ካለበት ሳታንቀሳቅሱ ለአዋቂ ንገሩ፤ አዋቂው ለቀበሌው ወይም በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ ያሳውቅ። እርሻ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ያገኛችሁት ነገር ከጥይት የሚበልጥ፣ ክንፍ ያለው፣ ቀለበት ያለው ወይም ምን እንደሆነ የማታውቁት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትቅረቡ። በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ፣ ቦታውን በሩቁ ምልክት አድርጉበት፣ ተናገሩ። ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም። ጎጃም ብዙ ጦር ያለፈባት ምድር ናት፤ መሬቱ የሚረሳው ነገር ጥቂት ነው።

ለአክስታችሁም አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ማስታወሻው ጥይቱ አይደለም። ዝናሩን አስቀሩት፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ ከጭስና ከበረት ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ታሪኩንም ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉት። ወረቀትም እርጥበት ይፈራል፤ ቢሆንም አይፈነዳም።

እቤት ሞክሩት

የበረቱን አየር ሥራ ያለ ምንም አደጋ ማየት ትችላላችሁ። ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ሁለት ቁራጭ የመዳብ ክር አውጡና በአሸዋ ወረቀት አብረቅርቋቸው። (ግድግዳ ላይ ያለውን ሽቦ አትንኩ!) ሁለት ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች አዘጋጁ። በአንዱ ግርጌ ጥቂት ውኃ፣ በሌላው ግርጌ ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ጥቂት የላም ሽንት ጨምሩ። ክሮቹን በፈትል አሥራችሁ ፈሳሹን ሳይነኩ እንዲንጠለጠሉ አድርጉና ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ክደኑ። በየቀኑ ቀለማቸውን መዝግቡ። የትኛው ክር ቀድሞ ይለወጣል? ወደ ምን ቀለም? ከጨረሳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የሽንቱን ጠርሙስም መክፈት ያለባችሁ ውጭ ሆናችሁ ነው።

ከዚያ ወደ በረቱ ሄዳችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የራዲዮው ሽቦ፣ የፋኖሱ ናስ፣ የበቅሎዋ ቃጭል። ስንቱ ነገር ዝም ብሎ ያን አየር እየተነፈሰ ነው?